ሰፊው ማርሚታና የቅዳሜው ዳገት

ተቀመጥ ዘርይሁን፤ ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም። «ጋሽ ሽመክት፣ ልጄ ብርክታዊት ለምን ዝም አለችኝ? ምን አጠፋሁ?» ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። ቄስ ብትጠይቅ ኖሮ ከመጽሐፍ ይነግርህ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መካኒክነት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከብረትና ከጭስ ሌላ የምመስልበት ነገር የለኝም። ስለዚህ አንተ ስለ ልጅህ ጠይቀኸኝ እኔ ስለ ማርሚታ ባወራህ አትቆጣ። እስክጨርስም አታቋርጠኝ፤ ማቋረጥ ትወዳለህ።

የራሱ መኪና ድምፅ እንዲኖራት የፈለገ አንድ ሰው ነበረ።

ከተማውን አልነግርህም፤ ብነግርህ «እገሌ ነው!» ልትለኝ ነው። ብቻ ተራራ ወገብ ላይ የተለጠፈች፣ መንገዷ ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት የሆነ፣ ጉም የማይለያት ከተማ ናት። ጉሙ ሲወርድ የዘረጋኸውን እጅህን እንኳ በቅጡ አታየውም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው መኪናን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ዱቄት የሚያመላልሰው አይሱዙ ከታችኛው ኩርባ ሲያጓራ ባለሱቁ ሚዛኑን መጥረግ ይጀምራል። የዳቦው መኪና እያሳለ ሲመጣ ሴቶቹ ዘንቢል ያነሳሉ። የሐኪሙ መኪና ፉጨት አላት፤ ገና በጉሙ ውስጥ ሳለች ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይጠብቃታል። በዚያች ከተማ ሰው ሁለቴ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ራሱ።

የዚህ ሰው መኪና ግን ድምፅ አልነበራትም። ነጭ፣ አሮጌ፣ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ሌላው ነገሯ ሁሉ ቢያረጅም ማርሚታዋ ጤነኛ ነበር። ማርሚታ ታውቃለህ፤ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስና ጩኸት ተቀብሎ፣ ሆዱ ውስጥ አዟዙሮ፣ አለስልሶ ወደ ኋላ የሚተፋው የላሜራ ሆድ ነው። የሷ ሥራውን አሳምሮ ይሠራ ስለነበር በጉሙ ውስጥ እንደ ድመት ነበር የምትሄደው።

ሰውየውም ከመኪናው አይሻልም። የመሬት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣል፤ ሰብሳቢው አያየውም። «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ማን እንደተናገረ ለማወቅ ሰው ዞር ዞር ይላል። የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው አይሰማውም። ክላክሱ ደግሞ የሳለ ሰው ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ይወርድና በእጁ ያንኳኳል። አሥራ አንድ ዓመት ወርዶ አንኳኳ። ይኼ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ሰው መሰማት ይፈልጋል፤ ነውርም አይደለም። እኔ አልፈርድበትም፣ አንተም አትፍረድበት።

ይኼ ሰው ከአባቱ ጋር ይኖር ነበር። አባቱ በዘመናቸው ከደጋው ወደ አሰብ ጭነት የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሚስታቸው የሞተችው ልጁ ገና ሦስት ዓመቱ ሳለ ነው። ልጁ እናቱን አያስታውሳትም። ፎቶ የለ፣ ዘመድ የለ። ፊቷን አያውቅ፣ ድምፅዋን አያውቅ፣ ከየት እንደመጣች እንኳ አያውቅም። ሽማግሌው ስለሷ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። በልጅነቱ አንዴ ቢጠይቃቸው ተነስተው ወጡና ከመኪናቸው ሥር ገብተው ዋሉ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ይኼን አንድ ነገር በሆዱ ይዞ ኖረ፤ እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?

ሽማግሌው ቤት ውስጥ ዝም ናቸው። ምግብ ሲቀርብላቸው «ይበቃኛል»፣ ሲነሱ «እግዜር ይስጥልኝ»፤ ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይለምናሉ። ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ከከተማው በላይ ወዳለው አፋፍ እንዲያወጣቸው። እዚያ መንገዱ ማዶውን ይዞ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ድሮ የሚነዱበት መንገድ ነው። ከመኪና ወርደው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቁልቁል ያዩታል። ጉም ከሸፈነው ጉሙን ያያሉ። ከዚያ «እንሂድ» ይላሉ።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ አንድ ቅዳሜ ዳገቱን ሲጀምሩ ሽማግሌው ተናገሩ። ወደ ልጃቸው አልዞሩም። የድሮ ሹፌር ሲያወራ መንገዱን እያየ ነው፤ ለማንም ብሎ ዓይኑን ከመንገድ አያነሳም። እሳቸውም የፊት መስታወቱን እያዩ፣ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ፣ «መጀመሪያ ያየኋት የበረሃው ኬላ አጠገብ ነው» አሉ። «ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ነበር።»

ልጁ ማን እንደሆነች አልጠየቀም፤ ያውቃል። መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለች ትወጣለች። ጉሙ መስኮቱን እየታከከ ያልፋል። ዛፍ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ መንገዱ ከጎማው በፊት ትንሽ ይታይና መልሶ ይሟሟል። ሞተሩ አለ አይባልም፤ ያለው የሽማግሌው ድምፅ ብቻ ነው። አፋፉ ላይ ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ እሳቸውም ዝም አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቆሙበት ቀጠሉ። ጀሪካኑ ባዶ ነበር አሉ። በሦስተኛው፣ ውሃ ሲሰጧት ራሷ ሳትጠጣ አብራት የነበረችውን ፍየል እንዳጠጣች ነገሩት። እንዲህ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ጉርሻ። ታሪኩ ከታችኛው ኩርባ ይጀምራል፣ አፋፉ ላይ ይቆማል። ሲመለሱ አይናገሩም፤ ቁልቁለት የፍሬን ነው፣ ወሬ አይፈልግም ይላሉ። ልጁ የቀረውን ስድስት ቀን በሕልም እንደሚሄድ ሰው ሆኖ ነበር የሚያሳልፈው። መዝገብ ሲጽፍ ጀሪካን ላይ የተቀመጠች ሴት ከወረቀቱ ላይ ታየዋለች። ፊት የላትም፤ ፊቷ ገና አልተነገረም።

በስምንተኛው ቅዳሜ ሽማግሌው «ከዚያ ተሳፈረች» አሉ። «ፍየሏን ከላይ ጭነቱ ላይ አሰርንላት፤ እሷ ጋቢና ገባች። ትንሽ እንደሄድን ሻሿን ከፊቷ ላይ አነሳች…» ሲሉ አፋፉ ላይ ደረሱ።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ይዞ፣ በዚያው ሳምንት፣ ሰውየው ማርሚታ ሊመርጥ ሄደ። «ምን ነካው?» ትለኛለህ። ሰው ነዋ! ሰው አንዱን ነገር ከሌላው ጋር አያገናኘውም። በዚያ ሳምንት ዘበኛው ዝናብ ላይ ሩብ ሰዓት አቁሞት ነበር፤ በስብሶ፣ አንጀቱ አሮ ነው የገባው። ጩኸቱ ለውጭ ነው ብሎ አሰበ። ለዘበኛው፣ ለባለሱቁ፣ ለሰብሳቢው። መኪና ውስጥ ሰው እንደሚቀመጥ ዘነጋው።

ከከተማው ግርጌ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ማርሚታ በልክ የሚሠራ ሰው ነበረ። ተሠርቶ ያደረ አይሸጥም፤ እንደ ልብስ ሰፊ ለክቶህ ነው የሚሠራልህ። ግቢው ሁሉ ቱቦ ነው። ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ ጠማማው፣ ቀጥ ያለው ከባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ንፋስ ከወንዙ ሲነሳ ቱቦዎቹ ያንጎራጉራሉ። ቀጭኑ ያፏጫል፣ ወፍራሙ ከሆዱ ያቃስታል፤ ንፋሱ ሲተኛ ሁሉም ያንቀላፋል። ሰውየው በሩ ላይ ቆመና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የመጣበትን ረሳ። ከእነዚህ አንዱ የኔ ድምፅ ነው አለ በልቡ።

ሠሪው የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ።

«የምትነዳበት መንገድ ምን ዓይነት ነው?» አለው።

«ዳገት።»

«ምን ትጭናለህ?»

«ምንም።»

«ከጎንህ ማን ይቀመጣል?»

ሰውየው ሳቀ። «ይኼ ደግሞ ከማርሚታ ጋር ምን አገናኘው?»

«ያገናኘዋል እንጂ!» አለ ሠሪው። «ሞተር ሲተነፍስ በልኩ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ቱቦውን አለቅጥ ካሰፋኸው ትንፋሹ ይበተናል። ሜዳ ላይ ያስፈነጥዝሃል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያንሰዋል። ጉልበት ሲያንሰው ነዳጅ ትረግጣለህ፣ ስትረግጥ ይጮኻል፣ ጩኸቱም በወለሉ ገብቶ መኪናዋን ይሞላታል። ብቻህን ከሆንክ ጉዳዩ ያንተና የጆሮህ ነው። ሰው ካለ ግን ሌላ ነው የምሠራልህ።»

«ብቻዬን ነኝ» አለ ሰውየው።

እየዋሸ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ እውነትም ብቻውን ነበር፤ ሊመጣ ካለው ድምፁ ጋር ብቻውን።

ሠሪው ሦስት ቱቦ አወረደለት። የመጀመሪያው ቀጠን ያለ፣ ሆዱ ሁለት ክፍል ያለው ነው። «ይኼ ጉልበት ይጨምርልሃል» አለው። «ድምፅዋን ትንሽ ወፈር ያደርገዋል፤ የሚያውቅህ ያውቅሃል፣ የማያውቅህ ይተኛል።» ሁለተኛው መካከለኛ ነው። ሦስተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ሆድ የሚባል ያልፈጠረበት ነው። ሠሪው አፉን ገጥሞ ሲነፋበት ሰውየው ድምፁን በጆሮው ሳይሆን በጎድኑ ሰማው።

«ይኼን» አለ።

«ይኼ የተቀበለውን አያለሳልስም። እንዳለ ነው የሚተፋው።»

«ይኼን ነው የምፈልገው አልኩህ እኮ።»

ሠሪው ትከሻውን ሰበቀ። ሥራው ላይ ግን አላሾፈም። ቱቦውን አሸዋ ሞልቶ፣ በእሳት አግሎ፣ እንደ ሰም አጠፈው። ከመኪናዋ ወገብ ጋር እየለካካ በየደው። አሮጌውን ማርሚታ ፈትቶ አግዳሚው ላይ ሰቀለው።

ሞተሩን ሲያስነሳው፣ ኧረ አንተ! የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ጉሙ ራሱ የሚከፈትለት መሰለው። ድምፁ ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። ባለሱቁ ከሚዛኑ ቀና አለ። ሴቶቹ በር ላይ ወጡ። ያ አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማው ዘበኛ በሩን ወለል አድርጎ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሞ ጠበቀው። ሰውየው መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። አዎ፣ አለቀሰ፤ አትሳቅ። በሳምንቱም ሰብሳቢው «ያ እንደ ነጎድጓድ የሚመጣው አንተ ነህ እንዴ?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ስሙንም መዝገብ ሳያዩ ጠሩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሽማግሌው ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ሞተሩ ሲነሳ ወለሉን ገረፍ አድርገው አዩት። ዳገቱ ሲጀምር ሠሪው እንዳለው መኪናዋ ጉልበት አነሳት። ሰውየው ነዳጅ ረገጠ፤ ጩኸቱ በወለሉ ገብቶ ሁለቱን ዋጣቸው። ታችኛውን ኩርባ ሲያልፉ ወደ ጎን ቢያይ፣ የአባቱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

«አባባ፣ ምን አሉኝ?» ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌው አልሰሙትም፤ መንገዱን እያዩ ቀጠሉ። ይኼን ልብ በል። በእሳቸው ዘመን መኪናዎች ሞተሩ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ነበር የሚያጓራው። ከአንተ ጎን ያለው ሰው የሚነግርህን ግማሹን በጆሮህ፣ ግማሹን በግምት ነበር የምትሰማው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሹፌርና ረዳት አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ከነቀነቀ ወሬው ይቀጥላል። ካልነቀነቀ፣ ሹፌሩ ሳይቆጣ፣ ሳይሰለች፣ መልሶ ይነግረዋል። አሥር ጊዜም ቢሆን ይነግረዋል። ሽማግሌው ዓይናቸው መንገድ ላይ ቢሆንም ያችን ነቅነቅ በጎን ያዩዋታል። ያደጉበት ነው።

ልጁ ይኼን ደንብ አያውቅም። የጠየቀው አልተመለሰለትም፤ ደግሞ መጮኽ አባቱን መዳፈር መሰለው፤ አፈረ። የአባቱ ከንፈር ሲያርፍ ጊዜ እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌውም ቀጠሉ። ሳይነቀንቅ ዝም ቢል ኖሮ ይደግሙለት ነበር!

አፋፉ ላይ ሞተሩን ሲያጠፋ ጆሮው ይጮኻል። «አባባ፣ ቅድም ምን ነበር ያሉኝ?» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ታዲያ ስትነቀንቅ የነበረው ምንድነው ቢሉትስ? በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ አለ። ማርሚታውን ሰኞ ሄጄ አስቀይረዋለሁ አለ። ሰኞ ሲመጣ ግን ዘበኛው በሩን ከፍቶ፣ ቆቡን ይዞ ይጠብቀዋል። ማክሰኞም እንደዚያው።

ማርሚታው በተቀየረ በሁለተኛው ቅዳሜ ጆሮውን ወደ አባቱ አዘንብሎ ነዳ። «ሳቀች» የሚል ነገር የሰማ መሰለው፤ ምናልባት «ሳለች» ይሆናል። ነቀነቀ። በሦስተኛው ሽማግሌው እያወሩ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ልጁ ደነገጠ፤ ነቀነቀ። በአራተኛው እጃቸውን አንስተው ጉልበቱ ላይ አደረጉት። ከሕፃንነቱ ወዲህ ነክተውት አያውቁም። እጃቸው ሞቃት ነበር። ጉሙ በመስኮቱ ይፈስሳል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ መኪናዋ ታጓራለች፤ እሱም እንደታፈነ ሰው ሆኖ ይነቀንቃል። ክፉ ሰው አልነበረም እኮ፤ እንደሚያጠፋም ያውቅ ነበር።

በአምስተኛው ቅዳሜ ጉም አልነበረም። አፋፉ ላይ ቆመው ሲያዩ መንገዱ እየተጣጠፈ እስከ ቆላው ሜዳ ድረስ ይታያል፤ ከዚያም ወዲያ ሰማይ ይሁን በረሃ ያልለየ ነጭ ነገር አለ። ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ።

«በቃ፤ ጨረስኩ» አሉ። «አርባ ዓመት ተሸክሜው ነበር። እንዴት እንደሞተች ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ይሄው አሁን እናትህን ታውቃታለህ።»

ሰውየው እዚያም፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሐል፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ነቀነቀ።

አባቱን ቤት አድርሶ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ። «ፍታልኝ» አለ። ሠሪውም ሰፊውን ፈታ። አሮጌውን ማርሚታ ከአግዳሚው አውርዶ ገጠመለት። ሰኞ ዕለት ዘበኛው አልሰማውም፤ ሰውየው ወርዶ አንኳኳ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታው ድረስ ሲያንኳኳ ኖረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳገቱን በጸጥታ ጀመሩ። ጉሙ ተመልሷል። ሰውየው በሁለተኛ ማርሽ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ እያለ ነዳ። ሽማግሌው ዝም አሉ። ከፍቷቸው አይደለም፤ ጭነቱን እንዳራገፈ መኪና ቀለል ብሏቸዋል። አንዱ ኩርባ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ ሰውየው መኪናዋን ወደ ዳር አወጣና የእጅ ፍሬን ያዘ። በዚያ ዳገት ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሽማግሌው ደነገጡ።

«ጎማ ነው?» አሉ።

«አባባ፣ አልሰማሁም።»

«ምኑን?»

«የነገሩኝን። ተሳፍራ ሻሿን ካነሳች ወዲህ ያለውን ሁሉ። መኪናዋ ስትጮኽ አንድም ቃል አልሰማሁም። ፊቷን አልሰማሁም። አሟሟቷንም አልሰማሁም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመንገዱ አነሱ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሽከርካሪ ውስጥ ተቀምጠው ዘወር ብለው የሰው ፊት አዩ።

«ትነቀንቅ ነበር እኮ» አሉ።

ሰውየው መሪው ላይ ተደፋ። አለቀሰ፤ እንደ ዘበኛው ቀን ልቅሶ አይደለም ይኼኛው። «ይድገሙልኝ» አለ። «እግርዎ ሥር እወድቃለሁ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።»

«አልችልም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። አልተቆጡም። «አቅሜ ያንን ያህል ነበር። ሁለተኛ ብጀምረው መሐል መንገድ ላይ ነው የምቀረው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። «ንዳ። ዳገት ላይ መቆም ፍሪሲዮን ይበላል።»

ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ወጡ። ሽማግሌው አልፎ አልፎ ስለ ጎማ፣ ስለ በረሃ ዝናብ፣ አስፋልት ላይ ስለተኛ ግመል ያወራሉ። ሰውየው ሲሰማ ይነቀንቃል። ያልሰማውን «አልሰማሁም አባባ» ይላል፤ እሳቸውም ይደግሙለታል። ስለ ግመሉ ሦስት ጊዜ ደገሙለት። ስለ እናቱ ግን አላነሱም፤ እሱም አልጠየቀም።

አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ሊሞቱ ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸው፣ አፋፉ ሊደርሱ ሲሉ ሽማግሌው እንዲሁ ከመሬት ተነስተው «ዳገት ላይ ትተኛ ነበር» አሉ። «ጋቢዬን ተከናንባ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ትነቃና 'ደረስን?' ትለኝ ነበር።»

ለሰውየው ያለችው እናት ያችው ናት። ፊት የላትም፤ ጋቢ ተከናንባ የተኛች፣ ስትነቃ «ደረስን?» የምትል ሴት ናት። እስካሁንም መኪናዋን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ወደ ጎን እያየ ነው የሚነዳው ይላሉ።

ዘርይሁን፣ ወደ ጥያቄህ ልምጣ።

ሰውየው አንተ ነህ። ሽማግሌው ልጅህ ብርክታዊት ናት። አንተ ከኩርባው ሳትታጠፍ ሰፈሩ የሚያውቅህ ሰው ነህ። ዕድሩ ያለ አንተ አይሰበሰብም፣ ሽምግልናው ያለ አንተ አይቆምም፣ ሳቅህ አጥር ያልፋል። ደግ ሰው ነህ፤ ሰፊውን ማርሚታ የገጠምከው በክፋት አይደለም። ግን ራስህ እኮ ነህ የነገርከኝ፤ ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገብህ እየተቀመጠች ታወራህ ነበር። ያኔ ምን እያደረግህ ነበር? አንዱን ትጠራለህ፣ አንዱን ትገስጻለህ፣ ለሷ ደግሞ «እሺ የኔ እናት፣ እሺ» እያልክ ራስህን ትነቀንቃለህ።

ለምን ዝም አለችኝ ትለኛለህ። ዝም አላለችህም። ነግራህ ጨርሳለች። ስትነቀንቅ አይታ ያወቅህ መስሏታል፤ አሁን ደግሞ አውቀህ እንዳላወቀ የሆንክ መስሏታል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የነገረችህ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አባቷ ሆነህ አንተም አታውቅም።

ስለዚህ ገብተህ «ምን ሆነሻል?» እንዳትላት። አንዴ ነግራሃለች፤ እንደገና ስትጠይቃት አለመስማትህን ሳትናዘዝ ልታመልጥ ነው። ቁጭ በልና «ስትነግሪኝ ነቀነቅኩ እንጂ አልሰማሁሽም ነበር» በላት። አፍህን ይይዝሃል፣ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ተማሪ ፊት «አላውቅም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያየሁ ሰው ነኝ። እሷም ላትደግምልህ ትችላለች፤ አታስገድዳት። ጠብቅ። አንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሰጠችህ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይዘህ ኑር።

ስልክህ እየጠራ ነው። ተው፣ አታንሳው። እዚሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥልኝና ሂድ። ልጅህ እስካሁን ከትምህርት ቤት ተመልሳለች።